«ስለ ጎንሽ ሴት ንገሪኝ»

ባለፈው ሳምንት ልጄ በግድ ባጃጅ ላይ አሳፍራ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሁት። ምን እንደሚያመኝ ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አልኩት። ወገቤን ይዤ ሳቃስት አድሬ! ሐኪሙ ሳቁን ዋጠ፤ ልጄ ተናደደች። ምን ላድርግ፣ እኛ ሰፈራ መንደር ያደግን ሰዎች «ደህና ነኝ» ማለትን ከጡት ጋር ነው የጠባነው። ይህቺ ቃል ግን አንድ ጊዜ ሰው ልታስገድል ነበር።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ወንድሜን ፈልገው ሲያጡት እኔን ያዙኝ፤ እሱ ሲመጣ ትወጫለሽ ተባልኩ። አሶሳ ዙሪያ ካለች አንዲት ማቆያ አስገቡኝ። ሐጂራን ያገኘኋት እዚያ ነው። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፣ ባሏ ስለተሰወረ በእሱ ፋንታ የተያዘች። መውለጃዋ ደርሷል፣ የምትተኛው ግን ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው። እግሯ አብጦ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ስትላቸው፣ ባልሽ መጥቶ ይውሰድሽ ይሏታል። ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ሁለታችንም አላየንም።

የማንጎ ወቅት ነበር። ከቤቷ በጨርቅ የተቋጠረ ማንጎ ይመጣላታል፤ ክፍሉ ሁሉ ማንጎ ማንጎ ይሸታል። የበሰለውን ለእኔ ትሰጥና ጥሬውን ራሷ በጨው ትበላለች። አማርኛዋ ሴት ወንድ አይልም፣ ለእሷ ሁሉም «እሱ» ነው። «ብላ፣ አንተ ከሳህ» ስትለኝ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ ያስቀኛል። እኔ ደግሞ ማታ ማታ እግሯን አሽላታለሁ። እናቴ ብትሆን ከዚያ በላይ አልወዳትም።

አንድ ጠዋት ከአዲስ አበባ አንዲት ልጅ መጣች። በታሰሩ ሴቶች ላይ የሚደርሰውን በደል የምትመዘግብ ናት፤ ጫማዋ በቀይ ጭቃ ተለውሷል። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ እያዳመጠ፣ እንዴት ናችሁ አለችን። በአንድ አፍ «ደህና ነን» አልናት። የመታችሁ አለ? የለም። የጎደለባችሁስ? ምንም። እንግዳ ገና ከመግባቱ ብሶት ይዘረገፍበታል እንዴ? ደግሞስ ዘበኛው ፊት ማን ይተነፍሳል?

ሐጂራ ግን እንግዳ ሳታበላ የምትሸኝ ሴት አይደለችም። ማንጎውን ፈታች፤ ልጅቷም ሲሚንቶው ላይ አብራን ተቀመጠች። ያኔ ሐጂራ ቀና ብላ ዘበኛውን «እንብላ» አለችው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ እንብላ የተባለ ሰው ወይ ይቀርባል፣ ወይ ዘወር ይላል። ሴቶች ሲበሉ ጉሮሯቸውን እያየ የሚቆም ወንድ ምን ይባላል? «ብሉ፣ ብሉ» ብሎ አፍሮ ወደ ጥላው ሄደ።

እንዲያም ሆኖ «ደህና ነን» ማለታችንን አልተውንም። ልጅቷ የማንጎውን ጭማቂ ከክንዷ ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች።

«ስለራስሽ አትንገሪኝ። ስለ ጎንሽ ሴት ንገሪኝ።»

አቤት፣ እንዴት ያለ ነገር ነው! ስለ እግሯ፣ ስለ ባሏ፣ ስለ ሲሚንቶው ሁሉን ዘረገፍኩት። እዚህ ከወለደች ትሞትብኛለች ብዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ስጨርስ ሐጂራ የቀሚሴን አንገት ከትከሻዬ ገለል አድርጋ የዱላውን ሰንበር አሳየቻት።

«እሱም ደህና አይደለም» አለች። «ሌሊት ተኝቶ ያለቅሳል።»

በእንቅልፌ እንደማለቅስ አላውቅም ነበር።

ልጅቷ የሁለታችንንም ጻፈች፤ የት የት እንዳደረሰችው እንጃ። ብዙም ሳይቆይ ሐጂራን ሐኪም ቤት ወሰዷት፤ በዚያው ተለቀቀች፣ በሰላም ተገላገለች። እኔ ክረምቱ ሲገባ ወጣሁ። የመታኝን ሰው ግን ማንም አልጠየቀውም፤ ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሰው የራሱን ሕመም መሸከም እንጂ መናገር አይችልበትም። አጠገቡ የተኛ ሰው ያስፈልገዋል። ሐጂራ አሁን ቶንጎ ነው የምትኖረው፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ትደውላለች። አማርኛዋ እንዳለ ነው። ደህና ነሽ ወይ ብላ አትጠይቀኝም፤ የምመልስላትን ታውቀዋለቻ።

«ስልኩን ለልጅህ ስጠው» ትለኛለች።

እሰጣታለሁ።