ከሰንሰለቱ ወዲህ

ሰሞኑን ከሥራ ስመለስ፣ ገና የግቢው በር ሲከፈት የሚቀበለኝ የበሰበሰ ማንጎ ሽታ ነው። ጣፋጭም ጎምዛዛም የሆነ፣ ጠላ ለመሆን ጥቂት የቀረው የሚመስል ሽታ። አባቴ የተከላቸው አራት ዛፎች ዘንድሮም ቅርንጫፋቸው እስኪጎብጥ አፍርተው፣ ፍሬው በቆርቆሮው ላይ ጧ እያለ እየወደቀ፣ ከጣሪያው ተንከባሎ በረንዳው ላይ እየፈረጠ ዝንብ ወሮታል። ጥበቃው "ምን ላድርገው?" ይለኛል፤ እኔም በየቀኑ "እስቲ ነገ" እለዋለሁ። ባለቤቴ ጉባ ነው የሚሠራው፣ በወር አንዴ ቢመጣ ነው፤ ልጆቼ አዲስ አበባ ይማራሉ። አንዲት ሴት ስንት ማንጎ ትበላለች? ለጎረቤት እንዳልሰጥ የጎረቤቶቼም ግቢ እንደኔው እየበሰበሰ ነው። ትናንት ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ፣ በድካም በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ያን ሽታ ስምግ፣ ማንጎ መሬት ሳይነካ የሚያልቅበት የልጅነት ሰፈሬ ትዝ አለኝ።

የተወለድኩት እዚሁ አሶሳ፣ ገበያው አጠገብ፣ ቤቶቹ በቀርከሃ አጥር በተከፋፈሉበት፣ አጥሩም ከመከፋፈል ይልቅ ለልብስ ማስጫነት በሚያገለግልበት ሰፈር ነው። አባቴ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች ልጅ ነበር፤ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ የራሱን አይሱዙ ገዝቶ፣ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት የሆነለት ሰው። ከአጥራችን ማዶ እትዬ ሐዋ ይኖሩ ነበር። የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ እናቴ እኔን ስትወልድ የተቀበሉኝም እሳቸው ናቸው። አማርኛን ካደጉ በኋላ ገበያ ላይ ስለተማሩት ወንድና ሴት መለየት የሚባል ነገር አልሆነላቸውም። እኔን "አንተ ልጅ፣ ና" ይሉኛል፤ አባቴን "አንቺ ሰውዬ" ብለው ሲጠሩት ሰፈሩ በሳቅ ይፈነዳል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። የሚሉት ነገር ግን ለማንም ተምታቶበት አያውቅም። ከእናቴ ጋር በአጥሩ ቀዳዳ እሳት ይቀባበላሉ፣ በርበሬ ይቀባበላሉ፣ እኔንም ይቀባበሉኛል፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ከእሳቸው ቤት በልቼ፣ እናቴ ቤት ደግሞ እንዳልበላ ሰው ምሳ የምጠይቅ ልጅ ነበርኩ።

አስር ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በባምባሲ መንገድ በኩል ካለው ከፍታ ላይ፣ ዛሬም የምኖርበትን ቪላ ሠራ። ያኔ እዚያ ከአስራ አንድ የማይበልጡ ቤቶች ነበሩ፤ የነጋዴ፣ የኮንትራክተር፣ የትልልቅ ሹማምንት ቤቶች፣ ሁሉም አጥራቸው ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለባቸው። የገባን ዕለት የበሩን ደወል፣ ዜማ ያለውን፣ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ስጫወትበት ዋልኩ። አባቴ እንግዳ ሲመጣ ከሳሎኑ አስቀድሞ የሚያሳየው መታጠቢያ ቤቱን ነበር፤ ነጭ ሴራሚክ፣ ፊት የሚያሳይ። የራሴ ክፍል፣ የራሴ መስኮት ኖረኝ፤ በመስኮቱ ግን የሚታየው የጎረቤት ግንብ ነው። ሰዎቹን በስም ሳይሆን በበራቸው ነበር የምናውቃቸው፤ ሰማያዊ በር፣ አንበሳ ያለበት በር፣ ሁለት መኪና የሚያስገባው በር።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ሰፈሩን እንደ ሰፈር ልትኖርበት ሞከረች። በገባን በሳምንቱ ዳቦ ጋግራ፣ በጥሩ ሰሐኗ አድርጋ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ሰማያዊው በር ሄደች። ጥበቃው በበሩ ቀዳዳ እጁን አውጥቶ ዳቦውን ተቀበላትና በሩን ዘጋው። ሰሐኑ በሦስተኛው ቀን በዚያው ጥበቃ እጅ ተመለሰ፤ በደንብ ታጥቧል፣ ባዶ ነው። እናቴ ሰሐን ባዶ ሲመለስ በሕይወቷ አይታ አታውቅምና፣ የረሱት ነገር ያለ ይመስል ገልብጣ አየችው።

የሚያጽናናት የእትዬ ሐዋ መምጣት ነበር። በየሳምንቱ የደረቀ ባሚያ በጨርቅ ቋጥረው ዳገቱን ይወጡና፣ ሶፋውን ትተው ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ እስኪመሽ ሲያወጉ ቤቱ ቤት ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት ከአንዱ ግቢ የውሃ ፓምፕ ተሰረቀ ተባለና ሰፈሩ ኮሚቴ አቋቋመ። መግቢያው ላይ ሁለት ብረት ተተክሎ ሰንሰለት ተዘረጋ፤ ጥበቃ ተቀጠረ። ሰንሰለቱ ለመኪና ይወርዳል፣ የማንም መኪና ይሁን። ለእግረኛ ግን፣ የቤቱ ባለቤት አስቀድሞ ካላስመዘገበ አይወርድም። ከዚያ ወዲህ እትዬ ሐዋ ቀሩ። እናቴ አንድ ሳምንት ጠበቀች፣ አንድ ወር ጠበቀች፤ ስታረግዝም እንኳ ሳይመጡ ሲቀሩ "ሀብታም ሆናለች ብላ ተወችኝ" ብላ ተቀየመች። መልእክት ለመላክም ኮራች። አሁን ሳስበው፣ በሁለቱም በኩል የነበረው ያው አንድ ቅያሜ ነው።

ሰባተኛ ወሯ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ሳለሁ እናቴ በዚያ በሚያብረቀርቀው ሴራሚክ ላይ ወደቀች። አባቴ እህል ሊጭን ድባጤ ሄዷል፤ ቤት ውስጥ እሷና እኔ ብቻ ነን፣ ስልክ ገና አልገባልንም። "ሰው ጥሪ" አለችኝ፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። በባዶ እግሬ ወጣሁ። በመጀመሪያው በር ውሻ ጮኸብኝ። በሰማያዊው በር ጥበቃው በቀዳዳው አየኝና "ባለቤቶቹ የሉም" አለ፤ ከውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ መኪናቸውም ቆማለች። አንበሳ ያለበት በር ላይ ደወሉን ተጫንኩ፤ ዜማው ተጫውቶ አለቀ፣ ደገምኩት፣ እንደገና አለቀ። የሰንሰለቱን ጥበቃ ብለምነው "ቦታዬን ለቅቄ ከሄድኩ ያባርሩኛል" አለኝ። እውነቱንም ነበር። ከዚያ በኋላ እግሬ ራሱ ያውቀው በነበረው መንገድ፣ ቁልቁል ወደ ድሮው ሰፈር ሮጥኩ።

እትዬ ሐዋ ደጃፋቸው ላይ ማሽላ እየወቀጡ ነበር። ዘጠኝ ወር ሙሉ አላየኋቸውምና ከፊታቸው ስቆም አፈርኩ። "እማዬ ወደቀች" አልኩ።

ዘነዘናውን ለቀቁት። "ደም አለ?"

"አለ።"

በበርታኛ ወደ ጎረቤት ሲጣሩ ሴቶች ወጡ፤ ሁለት ጎረምሶች የገመድ አልጋ ተሸክመው ተከተሉን። ሰንሰለቱ ጋ ስንደርስ ጥበቃው ዱላውን አጋድሞ "ወደ ማን ናችሁ?" አለ።

እትዬ ሐዋ እያለከለኩ ፊቱ ቆሙ። "አንተ ሁለት ጊዜ እኔን መልሷል፤ እኔ ዝም ብሎ ሄዷል። ዛሬ እህቴ ወድቋል። ወላሂ፣ አንተ ይሄን ካላወረደ፣ እኔ በላዩ ይሄዳል።"

ሰንሰለቱ ለእግረኛ ሲወርድ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያልተወን ሰው እንደተወን አድርገን እንደኖርንም ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

እናቴ ተረፈች። ወንድሜ አልተረፈም። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ እሷንም አናገኛትም ነበር አለ። ከዚያ በኋላ አልወለደችም፤ እኔ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ልጅ ሆኜ ቀረሁ።

አባቴ ሲመለስ፣ ከሆስፒታል በቀጥታ እኔን አስከትሎ ወደ እትዬ ሐዋ ቤት ሄደ። ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ያን ግዙፍ ሰውዬ እንደዚያ አንሶ አይቼው አላውቅም። "እትዬ ሐዋ፣ የሰንሰለቱ ወረቀት ላይ ከፈረሙት አንዱ እኔ ነኝ" አለ።

"እኔ ያውቃል" አሉት። "ያ ጥበቃ ስምሽን አንብቦልኛል። ቁጭ በይ፣ ገንፎ ብላ።"

ያኔ ማንም አልሳቀም። አባቴ ተቀምጦ በላ፤ እንባው ገንፎው ላይ እየወረደ በላ። ለእናቴ ግን ስለ ፊርማው እስከ ዕለተ ሞቱ አልነገራትም፤ እሳቸውም አልነገሯት።

ኮሚቴውን ለምኖ ለምኖ ያገኘው "ሐዋ የምትባለዋ ሴት ትግባ" የሚል ፈቃድ ብቻ ነበር። የምሥራች ብሎ ሲነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሰፈሬ ሁሉ እዚያ ቆሞ፣ እኔ ብቻ ያልፋል? አይሆንም። እህቴ እግር አለው፤ እሱ ይምጣ።"

እናቴም ሄደች። በየቅዳሜው ከሰዓት፣ አባቴ በመኪና ላድርስሽ ቢላት እንቢ ብላ፣ በእግሯ፣ እኔን አስከትላ። እትዬ ሐዋ ከቀትር ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዙረው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል፤ ገና ከሩቅ ስንታይ እጃቸውን ያነሳሉ። እዚያ የሰማሁትን የእናቴን ሳቅ በቪላው ውስጥ ሰምቼው አላውቅም።

ዓመታት ሄዱ። አባቴ ሞተ። በመተከል የሰው ደም ፈሰሰ ሲባል የእኛ ሰፈር ግንቡን በሁለት ብሎኬት ከፍ አደረገው፣ በላዩ እሾሃማ ሽቦ ጠመጠመ፤ ሰንሰለቱ ተነስቶ የብረት ማገጃ ገባ። አስራ አንዱ ቤት ዛሬ መቶ ይሆናል፤ ጎረቤቶቼን በመኪናቸው ጡሩምባ ነው የምለያቸው። የነዋሪዎች ቴሌግራም አለን፤ ስለ ቆሻሻ መኪና፣ ስለሚጮህ ውሻ ይጻፍበታል። እናቴ ስትሞት ሃያ ሰዎች የተጣመሩ እጆች ምልክት ላኩልኝ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ውሃ መጥቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ከድሮው ሰፈር የመጡት ለቀስተኞች ግን ማገጃው ጋ ተሰልፈው፣ ስማቸውና መታወቂያቸው አንድ በአንድ እየተመዘገበ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ። እኔም በለቅሶዬ መካከል ተነስቼ ይግቡ ብዬ አልጮህኩም። ደክሞኝ ነበር እላለሁ፤ ሁልጊዜ የምለው እሱን ነው።

የድሮው ሰፈር ለሰፊ መንገድ ፈረሰ። እትዬ ሐዋ ባምባሲ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። አምና ሄጄ አየኋቸው፤ ዓይናቸው ፈዟል፣ በእጃቸው ፊቴን ዳስሰው ነው ያወቁኝ። "እናትህ ቅዳሜ ይመጣል?" አሉኝ።

እሷን ከቀበርናት ሦስት ዓመት ሆኖን ነበር። በራሳቸው አማርኛ "ይመጣል" አልኳቸው። እጄን ጨብጠው ፈገግ አሉ።

በክረምቱ ሞቱ። መንገዱ ሩቅ፣ ወሬውም ቀስ ያለ ስለነበር የሰማሁት ከተቀበሩ በሳምንቱ ነው። ይህ ሁሉ ግንብ፣ ይህ ሁሉ ጥበቃ አለኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን እያየ የሚጠብቀኝ ሰው ግን በዚህች ከተማ አንድም አልቀረኝም።