አውራ ጣቴ የተመለሰበት ወር

አውራ ጣቴን ሦስት ጊዜ መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩ፤ ሦስት ጊዜም ማሽኑ ቀይ አበራ። መዝጋቢዋ ልጅ ጣቴን በሶፍት ጠረገችው፣ መስታወቱንም ጠረገች። ደግሜ አስቀመጥኩ። አሁንም ቀይ።

«አባባ፣ ምን ሠርተውበት ነው?» አለችኝ።

«ኖሬበት ነዋ!»

እሷ ሳቀች። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰውዬ ግን አልሳቀም፤ ፀሐይ ላይ ነበር የቆመው።

ይህ የሆነው ኡካ ከተማ ነው፣ ለአዲሱ መታወቂያ የሚመዘግቡት ልጆች ማሽናቸውን ይዘው የመጡ ጊዜ። አንድ ወር ተቀምጠው ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳሉ ተባለ። እኔ መታወቂያ አምሮኝ አልሄድኩም። ያለችኝን የቡና መሬት፣ አጠገቤ ሆና ለምትጦረኝ ልጄ በስጦታ ላዞርላት ፈልጌ ነው። መሬት ቢሮ ስጠይቅ መጀመሪያ አዲሱን መታወቂያ ይዘው ይምጡ አሉኝ። በሕይወት እያለሁ በስሟ ካልዞረ፣ እኔ በሞትኩ ማግስት የወንድሜ ልጆች መለኪያ ገመድ ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ክፉዎች ናቸው አልልም። ገመዱን ግን ከአሁኑ አዘጋጅተዋል።

መዝጋቢዋ አዘነችልኝ መሰለኝ። «ግድ የለም አባባ፣ ፊትዎ ተነስቷል፣ ዓይንዎም ተነስቷል። ጣቱ ላይ ‹አይነበብም› ብዬ ላልፈው እችላለሁ» አለች።

«አሥር ጣት ይዤ መጥቼ ‹አይነበብም› ልትዪኝ?»

«ችግር የለውም እኮ፣ ይፈቀዳል።»

«ለእናንተ ይፈቀድ ይሆናል። ለእኔ አይፈቀድም።»

ነገሩ እልህ ብቻ አልነበረም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ እሱም እያንቀላፋሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ቃሌን የሰጠሁት በዚህ አውራ ጣት ነው። አረንጓዴው የመሬት ደብተር ሲሰጠኝ የፈረምኩበት ወረቀት ግልባጩ ቤቴ አለ፤ ጣቴ እዚያ ላይ እንደ ተቆረጠ ግንድ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ተቀምጧል። አሮጌው ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ጣት፣ አዲሱ ላይ «አይነበብም»። የወንድሜ ልጆች «የፈረመው እሱ አይደለም» ለማለት ሌላ ምን ይፈልጋሉ? ዳኛ ይስማቸው አይስማቸው አላውቅም። እነሱ እንደሚሉት ግን አውቃለሁ።

«ምንም አትጻፊብኝ። ሳትሄዱ እመለሳለሁ» ብያት ወጣሁ።

እጄ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልናገር። ሥራዬ ቆዳ ማልፋት ነው። የአልጋ ጠፍር፣ የበቅሎ ኮርቻ፣ ስልቻ፣ ጅራፍ እሠራለሁ፤ ከዳሪሙ ድረስ በእግራቸው መጥተው የሚያሠሩኝ ነበሩ። ኮርቻዬን ወስደው እጄን ሳይጨብጡ የሚሄዱም ነበሩ፤ የቆዳ ሠራተኛ እጅ ያረክሳል የሚሉ። ይሄንን ለቅሬታ አላነሳሁትም።

ሟች ባለቤቴ ግን ትጨብጠው ነበር፣ እያማረረችም ቢሆን። «የሞተ በሬ ታለሰልሳለህ፣ እኔን ስትነካኝ ትቧጭረኛለህ!» አለችኝና አንድ ቀን ከመቱ ገበያ ቫዝሊን ገዝታ መጣች። ከእራት በኋላ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ እጄን አሽ አሽ አደርጋለሁ። ሠራ። ብዙ ዓመት ሠራ። እሷ ከሞተች በኋላም አልተውኩትም፤ ያዘዘችኝ ነገር ስለሆነ።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ ቅባቱ መሥራቱን አቆመ። ያው ቅባት፣ ያው እሳት፣ ያው ሰዓት ነው፤ እጄ ግን እንደ በጋ ጭቃ ይሰነጠቅ ጀመር። እኔ ደግሞ እምቢ ያለኝን ነገር መጨመር ነው የማውቀው። አንድ ጊዜ የነበረውን ሁለት ጊዜ አደረግኩት። በጣት የነበረውን በእፍኝ አደረግኩት። ሻካራውን በድንጋይ ፈገፈግኩት። ሽታው እንዲለቅ በሎሚ አሸሁት፣ ልጄ ለልብስ በምትገዛው የዱቄት ሳሙናም ታጠብኩ። ይኸው ጣቴ እንደ ጠርሙስ ሆነ፤ ያብለጨልጫል፣ መስመር የሚባል የለውም።

በማግስቱ ከልጄ ጋር መኪና ይዘን መቱ ወረድን። መድኃኒት ቤቷን የያዘችው ወጣት ሴት ናት። ባዶውን የቅባት ዕቃ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና «ይሄ ሞቷል። ጠንከር ያለ ስጪኝ» አልኳት።

ዕቃውን አላየችውም። እጄን ያዘችው። ጓንት ሳታደርግ ያዘችውና ወደ በሩ ብርሃን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ስንት ሰው ያልጨበጠው እጅ እንደሆነ ታውቃለች።

«በምን ይታጠባሉ?» አለችኝ ባለመድኃኒቷ። ነገርኳት። «ከታጠቡ በኋላስ?» አድርቄ፣ እሳት ሞቄ፣ ከዚያ እቀባለሁ አልኳት። ስለ ድንጋዩ ለመናገር አስቤ አልነበረም፤ ልጄ ተናገረች። ስለ ሎሚውም ተናገረች።

«አባባ፣ ቅባቱ አልሞተም» አለች ባለመድኃኒቷ። «ቅባት ውሃ አይሰጥም፤ ያለውን ውሃ እንዳይወጣ ነው የሚከድነው። እርስዎ በእሳት አድርቀው ድርቀቱን ነው የሚከድኑት።»

«ድሮ ታዲያ ለምን ሠራ?»

«ድሮ ቆዳዎ የራሱ ወዝ ነበረው፤ ቅባቱ አገዘው። ዕድሜ ሲገፋ ወዙ ይቀንሳል። የቀረችውን ደግሞ በድንጋይና በሎሚ እያባረሯት ነው። ሥራዎስ እንደ ድሮው ነው?»

ሥራዬ እንደ ድሮው አልነበረም። ድሮ ቀኑን ሙሉ እጄ የጉሎ ፍሬ ቅባት ውስጥ ነበር፤ ቆዳውን ሳሽ ለካ እጄንም እያሸሁት ኖሯል። አሁን ኮርቻ የሚያሠራ ሰው ጠፋ፣ ሁሉም ሞተር ላይ ወጣ። ባለቤቴ ያመጣችው ቅባት ብቻውን አልነበረም ያን ሁሉ ዓመት የሠራው።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለች፣ «ታጥበው፣ ውሃውን በጨርቅ ነካ ነካ አድርገው፣ እጅዎ ገና እርጥብ እያለ ስስ አድርገው ይቀቡ።»

እርጥብ እያለ።

ቆዳ ስታለፋ ቅባት የምታጠጣው እርጥብ እያለ ነው! ደረቅ ቆዳ ላይ ጉሎ ብታፈስበት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ አይገባም። እርጥቡን ግን፣ ውሃው ቀስ እያለ ሲወጣ ቅባቱ ተከትሎ ይገባል። ይሄንን ጢም ሳላበቅል ነው የተማርኩት። ስንቱን ለማጅ ስለዚህ ተቆጥቻለሁ። ለሞተ በሬ የማደርገውን ለገዛ እጄ ሳላደርግለት አረጀሁ።

ውጭ ስንወጣ ልጄ በሳቅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «አባዬ፣ በሬ ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ለስልሰህ ነበር!»

«ዝም በይና መኪና ፈልጊ» አልኳት። ራሴም ሳቅ ይዞኝ ነበር።

ባለመድኃኒቷ ያዘዘችኝ አብዛኛው «ተው» ነው። ድንጋዩን ተው፣ ሎሚውን ተው፣ የዱቄት ሳሙናውን ተው፣ እጅህን ከእሳት አርቅ። ጠንካራ መድኃኒት አልሸጠችልኝም፤ ያንኑ ቫዝሊን ነው የሰጠችኝ፣ ከፊት ሳሙና ጋር። በታጠብኩ ቁጥር እንድቀባ፣ ስተኛ የጥጥ ካልሲ እጄ ላይ እንዳጠልቅ ነገረችኝ። መግል ከያዘ ወይም ካሳከከኝ ሆስፒታል እንድሄድ፣ ክረምት ሲገባ አየሩ ስለሚረጥብ እንድቀንስ፣ በጋ ሲመጣ መልሼ እንድጨምር። «ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ቆዳዎን እያዩ ነው» አለች። ይሄም የእኔ ሥራ ነው፤ ሁለት ቆዳ በአንድ ልክ አልፍቼ አላውቅም።

አንድ ነገር ግን ጨመረች፣ እስከ ዛሬ ሳስበው የሚገርመኝ። «ሦስት አራት ሳምንት ይታገሡ። አሁን ላይዎ ላይ ያለው ቆዳ ይሄዳል፣ ከሥር አዲስ ይመጣል» አለችኝ። እንዴት ይመጣል? እኔ የማውቀው ቆዳ አንዴ ከተቀደደ የሚሰፋ ነው። ራሱን የሚሰፋ ቆዳ ለብሼ ስዞር አላወቅኩም።

ካልሲውን ጎረቤቴ አንድ ማለዳ አየብኝ። እጄ ላይ ረስቼው ደጅ ወጥቼ ነበር። «አካም ቡልተ፣ እንዴት አደሩ ጋሼ! እግርዎን እጅዎ ላይ አድርገው የት ሊሄዱ ነው?» አለኝ። «ኡካ» አልኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም የለም። ልጄ «አየኸው?» ስትለኝ «ምኑን?» እላታለሁ። በሁለተኛው ስንጥቁ ገጠመ። ከዚያ ላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ስስ እያለ ይለቅ ጀመር፤ በጥርሴ ልነቅለው ስል ልጄ እጄን መታችኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ጣቴን ወደ ፀሐይ አዘንብዬ ሳይ፣ መስመር። አንድ ስስ መስመር። ከአጠገቡ ሌላ። ኮረብታ ዙሪያ እንደታረሰ እርሻ ትልም በትልም እየዞረ።

«ወረቀቱን አምጪው!» ብዬ ጮህኩ። ልጄ ምን ሆነብኝ ብላ እየሮጠች መጣች።

አሮጌውን ግልባጭ ከደብተሩ ውስጥ አውጥታ ከጣቴ አጠገብ ያዘችው። እሷ ናት የምታነጻጽረው፣ ለጥቃቅኑ የእኔ ዓይን አይደርስም። ቀስ እያለች በስንደዶ ጫፍ ቆጠረችው። መሀል ላይ ያለችው ትንሿ ክብ አለች። በግራ በኩል ሁለት መስመር የሚገናኙበት አለ። እዚያው ነው። «አባዬ፣ አንድም አልሳተም» አለች።

ያን ሁሉ ዘመን ፈግፍጌ፣ አቃጥዬ፣ ልጬ የጣልኩትን ማን መልሶ ሣለው? እኔ አንድ ኮርቻ ላይ ያደረግኩትን ጌጥ ሁለተኛው ላይ ልድገመው ብል ይዛነፍብኛል። ይሄ ግን ከሥር፣ ከጨለማ ውስጥ፣ ያንኑ ትልም እየያዘ ወጣ። ልጄ ወረቀቱን አጥፋ ከያዘችው በኋላም እኔ ጣቴን እያየሁ ፀሐይዋ ከበረንዳው እስክትወርድ ተቀመጥኩ።

ሊሄዱ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ኡካ ተመለስኩ። መዝጋቢዋ አወቀችኝ። «መጡ አባባ?» ጣቴን አስቀመጥኩ። አረንጓዴ በራ። ልጅቷ «ባዬ ጋሪ! በጣም ጥሩ!» ብላ እንደ ልጅ አጨበጨበች። የግራ ሌባ ጣቴ ብቻ እምቢ አለ፤ እሱ የቢላ ጠባሳ ነው፣ «እሱ ላይ የፈለግሽውን ጻፊ» አልኳት። ስክሪኑን አዙራ አውራ ጣቴን የሳህን ያህል አድርጋ አሳየችኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ አሳዪኝ አልኳት። ደገመችልኝ። ሰልፈኛው አጉረመረመ።

መታወቂያው ሲደርስ ከልጄ ጋር መሬት ቢሮ ሄድን። ጸሐፊው የስጦታውን ወረቀት አንብቦልኝ ጨረሰና እስክሪብቶ ሰጠኝ። «ስምዎን መጻፍ ይችላሉ አይደል?»

«እችላለሁ። ግን ቀለሙን አምጣው።»

«ፊርማ ይበቃል እኮ ጋሼ።»

«ቀለሙን አምጣው!»

ጫንኩት፣ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ አየውና ወረቀቱን ለልጄ አዞረላት። እሷ በጣቷ ልትነካው ብላ ቀለሙ እንዳይጠፋ ተወችው።

እኔ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሄጄ እጄን ታጠብኩ። ውሃውን ነካ ነካ አደረግኩና፣ ሳይደርቅብኝ ቅባቴን ከኮቴ ኪስ አወጣሁ።