የእርቅ ጥርስ

የባሌን የፊት ጥርስ የሰበረው የገዛ ታናሽ ወንድሙ ነው። አርባ ምንጭ አጠገብ ጫኖ፣ የሙዝ ማሳችን ድንበር ላይ፣ የመስኖው ውኃ የማን ተራ ነው በሚል ጠብ። ባሌ ቦዩን ወደ እኛ ማሳ ለመመለስ ጎንበስ እንዳለ ወንድሙ በአካፋ እጀታ አፉን አለው። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንዲያ ነው። ባሌ ደሙን እየተፋ ተነሣ፤ የወንድሙን አንገት በሁለት እጁ አንቆ ቦዩ ውስጥ ደፈቀው። ጎረቤት ባይደርስ ኖሮ ጉልበት በማይደርስ ውኃ ሰው ይሞት ነበር። እኔም ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጎጃም ለማስተማር መጥቶ አርባ ምንጭ የቀረ መምህር ነበር። ጋሞኛውን በትዳር ተማርኩት፤ ቁጣውን ግን ከአባቴ ቤት ይዤው ነው የመጣሁት። በእኔ ቢሆን ወንድሙን ያን ዕለት ፖሊስ ጣቢያ አስጎትተው ነበር። የባሌ ወገኖች ጋሞዎቹ ግን ነገራቸውን የሚጨርሱት ዱቡሻ በሚሉት የሸንጎ ሜዳ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለቱን እርጥብ ሣር አስያዙና አስታረቋቸው። ጥርስ የሰበረ ጥርስ ያስተክል ብለውም ፈረዱ።

ከተማ ያለው የጥርስ ሐኪም የቀረውን ጉቶ ሞርዶ፣ ልኩን ወስዶ፣ ከላዩ የሚለበሰውን የብረት ጥርስ አዲስ አበባ አስሠራው። ብረቱ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ነግሮን ነበር። አንዱ ወርቅ የተቀየጠበት፣ ሌላው ኒኬልና ክሮም አብረው ቀልጠው የሚፈስሱበት ነጩ። የወንድሙ አቅም ለነጩ ነበር፤ ነጩ መጣ። ባሌ ሰው ባገኘ ቁጥር ከንፈሩን ገልጦ፣ ወንድሜ ያስተከለልኝ ነው ማለት ጀመረ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ብዙም አልቆየ፣ በብረቱ ዙሪያ ያለው ድድ አበጠ። ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፤ ከንፈሩ በውስጥ በኩል ቆሳሰለ፤ ጠዋት ሲነሣ ትራሱ ላይ ደም አገኛለሁ። በአፉ ብጉንጅ የያዘ ሰው ደግ አይሆንም፤ ወጡን ከነድስቱ ግድግዳ ላይ የወረወረበት ቀን አለ። እኔ ኢንፌክሽን ነው እላለሁ። እሱ ጎሜ ነው ይላል። በእነሱ እምነት አንድ ሰው በደሉን ቢደብቅ ጎሜ ይሆናል፤ አፍ ቢሸሽገው ገላ ያወጣዋል። ጥርሱ የወንድሜ ስለሆነ ጎሜውም የወጣው በእኔ አፍ ነው፣ ከልቡ አልታረቀኝም አለ።

አንድ ጠዋት ገጀራውን ይዞ ወጣና የወንድሙን ሙዝ ከነዘለላው ይጨፈጭፍ ጀመር። ሊቆረጥ የደረሰ ሙዝ። እየሮጥኩ ደርሼ ወገቡን ይዤ ብጎትተው በክርኑ ደረቴን መቶ ጣለኝ። ወንድሙ ዳር ላይ ቆሞ ያያል። አልተሳደበም፣ አልተጋፋም፣ ድንጋይ እንኳ አላነሣም። ከባሌ ገጀራ ይልቅ የእሱ ዝምታ አስፈራኝ። ቀጣዩ ነገር ሬሳ እንደሚሆን ገባኝ፤ የማን እንደሆነ ብቻ አላወቅሁም።

ሽማግሌዎቹ ለማግስቱ ቀጠሮ ያዙ። እኔ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ፤ ልጮህበት ነበር አሳቤ። እሱ ግን አስቀመጠኝና ባለቤትሽ ሰዓት ያስራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አያስርም፤ አንጓው ላይ ውኃ ይቋጥርበታል። የቀበቶው ዘለበትስ? እምብርቱ ሥር ሁልጊዜ እንዳሳከከው ነው፣ አልኩት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ ኒኬሉ ነው፣ ገላቸው የማይቀበለው ሰዎች አሉ፣ ብረቱ ከወጣ ድዱ ይድናል፣ ኒኬል በሌለው እንለውጥለታለን አለኝ። ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ሳቅሁ። ባሌ ወንድሙን የሚገድለው ለአንድ ቁራጭ ብረት ብሎ ነበር ማለት ነው።

ዱቡሻው ጋ ስደርስ ወንድሙ ቆሞ ይናገር ነበር። ሽማግሌዎቹ የደበቅከው ካለ አውጣው ብለውት ነበርና እያወጣ ነው። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባል የለ።

"እውነቱን ነው" አለ ወደ ባሌ ሳያይ። "ሣሩን ስይዝ ልቤ አልነበረበትም። ገጀራ ስዬ ሙዙ ውስጥ ቀብሬያለሁ። ብቻውን የሚያጠጣበትን ቀን ነበር የምጠብቀው። ጎሜው የእኔ ነው።"

እኔ ገና እያለከለክሁ፣ ብረቱ ነው፣ ሐኪሙ ብረቱ ነው ብሏል፣ ከወጣ ይድናል አልኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወንድሙ ዞሮ አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ማንም ሳያውቅበት ራሱን እንዳጋለጠ ያን ጊዜ ገባው።

ባሌ ቀስ ብሎ ተነሣ።

"ሐኪሙ ይውጣ ካለ ይውጣ" አለ።

ዳር ከቆመው የባጃጅ ሾፌር ፒንሳ ተቀበለ። ሾፌሩ የሚጠግነው ነገር ያለው መስሎት ነው የሰጠው። ባሌ አፉን ከፍቶ ብረቱን በፒንሳው ያዘና ጠመዘዘው። ጉቶው ተሰብሮ አብሮ ወጣ፤ ደሙ በአገጩ ወርዶ ሸሚዙን አራሰው። ጥርሱን ወንድሙ እግር ሥር አኖረው። በዚያ አገር የተቀበለውን ካሣ የመለሰ እርቁንም መለሰ ማለት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ድዱ ሐኪሙ እንዳለው በሳምንቱ ዳነ። ባሌ አሁን ውኃ ሊያጠጣ ሲወርድ ገጀራ ይዞ ነው፤ ወንድሙም እንደዚያው። የውኃ ተራቸው ተከታታይ ነው። ሁለቱም ወደየደጃቸው ሲመለሱ እስካይ ድረስ ከደጃፌ ወደ ቤት አልገባም።