የወርዋሪው ቀኝ ክንድ

ሥራዬ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስና መድኃኒታቸውን ማስዋጥ ነው። እዚህ ሆላንድ ቱይስዞርግ ይሉታል። የምኖረው ዴን ሃግ፣ ትራንስቫል ሰፈር ነው፤ የምረዳቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ ራይስዋይክ ስለሆኑ በየጠዋቱ በብስክሌት ከነፋስ ጋር እየተጨቃጨቅኩ እሄዳለሁ። ነፋሱን እስከ ዛሬ አልለመድኩትም፤ የምለምደውም አይመስለኝም።

ጃፓናዊውን ሽማግሌ ያገኘኋቸው በዚሁ ሥራ ነው። ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ደክሞ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ከአምስተርዳም ኖርድ ልትጠይቃቸው የመጣች ልጃቸው ናት፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ላይ ድካም አለ። እሳቸው ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። እጃቸውን ጨብጬ ብተወው ምን ነበረበት? ልማድ ቀደመኝና ጎንበስ ብዬ እንደ አገሬ ሰው ቀኝ ትከሻቸውን በቀኝ ትከሻዬ ገጨት አደረግኩት።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ሽማግሌው ትከሻቸውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «ይህን ከሐኪም በቀር ማንም አይነካውም» አሉኝ፣ እያንዳንዱን ቃል በሚመዝን ደችኛቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ።

«በአገርህ ሰላም የምትባባሉት እንዲህ ነው?»

«አዎ፣ ከወዳጅ ጋር።»

«ነገም እንዲሁ አድርግ» አሉኝ። ያኔውኑ ወደድኳቸው።

ነገሩ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። በወጣትነታቸው በአገራቸው የታወቁ የቤዝቦል ተጫዋች ነበሩ፤ ወርዋሪ። እኛ ኳስ ስንል በእግር የሚመታውን ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ብዙም አልገረመኝም። እንዳስረዱኝ ከሆነ ወርዋሪው አነስተኛ የአፈር ጉብታ ላይ ብቻውን ይቆማል፤ እሱ ኳሷን እስኪለቃት ድረስ ጨዋታ የለም፣ ስታዲየም ሙሉ ሰው ያችን ክንድ ይጠብቃል። ከባሕር ዳርቻ መንደር፣ ከዓሣ አጥማጅ ቤት ወጥተው ለዚያ የበቁት በዚያች ክንድ ነው። ስለዚህ ጠበቋት። በበጋ ሙቀት ፎጣ ይደርቡባታል፤ በቀኝ ጎናቸው አይተኙም፤ ሻንጣ አያንጠለጥሉባትም። ሚስታቸው እንኳ ሲሄዱ በግራ በኩል ነበር የምትሄደው። ልጃቸው ስትወለድም በግራ እጃቸው ብቻ ታቀፏት።

«ቡድኑ ከልክሎዎት ነው?» አልኳቸው አንድ ቀን እግራቸውን እያጠብኩ።

«ማንም አልከለከለኝም። ፈርቼ ነው።»

ያም ሆኖ የትከሻቸው ጅማት ተበጠሰ። ሁለተኛ እንደ ድሮው መወርወር አልቻሉም። ሚስታቸውንና ትንሿን ልጅ ይዘው ሮተርዳም መጡ፤ አንድ ክለብ ውስጥ አሠልጣኝ ሆነው ጡረታ እስኪወጡ ሠሩ። የሚገርመው፣ ወርውረው የማይጠቀሙበትን ክንድ መጠበቁን አልተዉም። ሚስታቸው እስክትሞት በግራቸው ሄደች፤ ልጅቷም በግራቸው እየተቀመጠች አደገች።

አሁን የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ የልጅ ልጃቸውን በቀኝ ክንዳቸው መታቀፍ። ክንዳቸውን የምታሠራቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ፊዚዮዋ፣ ከተለማመዱ ይቻላል ብላቸዋለች። ልምምዱ ግን አስጠላቸው። ባዶ ኩባያ አንሳ፣ አስቀምጥ። «ይህ የሕፃን ሥራ ነው» ብለው ኩባያውን ገፉት።

እኔም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «እርስዎ የሚፈልጉት ሕፃን አይደል እንዴ?» አልኩና በማግሥቱ ከሰፈሬ ገበያ የሩዝ ከረጢት ገዝቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ ክንዳቸው ላይ አስተኛሁላቸው። ወዲያው ወደቀ። ከረጢቱ ፈንድቶ ሩዙ ሶፋው ሥር ሳይቀር ገባ። ተንበርክኬ በአማርኛ እያጉረመረምኩ ስጠርግ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ሰማኋቸው። ፊዚዮዋ ግን ሐሳቡን ወደደችው፤ ከትንሽ እንድንጀምር፣ ክርናቸው ሥር ትራስ እንዳደርግ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ በገባሁ ቁጥር ትከሻ እንገጫጭና «ሩዛችን እንዴት አደረች?» እላቸዋለሁ። «አለቀሰች» ይሉኛል ኮስተር ብለው። እንዲህ ክረምቱ አለቀ።

ሕፃኗ ስትወለድ ደወሉልኝ። ቀኑ የዕረፍቴ ነበር። ጫማዬን ሳስር ባለቤቴ አየችኝና «ዛሬ ፍራይ አይደለህ እንዴ? ደግሞ ማን ዲንስት ሰጠህ?» አለችኝ እንደ ልማዷ የሥራውን ደችኛ እየቀላቀለች።

«ሥራ አይደለም፣ አራስ ጥየቃ ነው» አልኳት።

ሽማግሌውን ይዤ በባቡር አምስተርዳም ደርሰን፣ በጀልባ ወደ ኖርድ ተሻገርን። በመንገዱ ሁሉ ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ሲያሹ ነበር። እኔ የማስበው ያን የፈነዳ ሩዝ ነበር፤ ሕፃኗ ብትወድቅባቸውስ?

ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ክርናቸው ሥር ትራስ አደረግኩ። ልጃቸው ሕፃኗን አምጥታ ቀኝ ክንዳቸው ላይ አስተኛቻት። እኔ ሁለት እጄን ከሥር ዘርግቼ ቆምኩ። ክንዱ ያዘ። ሕፃኗ አዛጋች። ሽማግሌው መተንፈስም የፈሩ ይመስሉ ነበር።

«ከየት ተማርክ?» አለቻቸው ልጅቷ እየሳቀች። የሩዙን ነገር ነገሯት። ሳቋ በመሃል ተቋረጠና ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እኔን ግን በዚህ እጅ አቅፈኸኝ አታውቅም» አለች።

የወቀሳ ድምፅ አልነበረም። የደከመ ሰው ሳያስበው የሚያወጣው ዓይነት ነው። ወጥ ቤት ልደበቅ ፈለግኩ፣ ግን እጄን ከሕፃኗ ሥር እንዴት ላንሳ።

ሽማግሌው ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። ከዚያ «ተቀበለኝ» አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ የደከሙላትን ሕፃን ሰጡኝ። ከቀኛቸው ያለውን ትራስ በግራ እጃቸው አነሡና ልጃቸውን «ነይ» አሏት።

መጥታ በቀኛቸው ተቀመጠች። ሊያቅፏት ሞከሩ። ክንዱ ከደረታቸው በላይ አልሄድ አለ፤ ያን ያህል ከፍታ ተለማምደን አናውቅም። እንደገና ሞከሩ። ልጅቷ ይህን ስታይ፣ ክንዳቸውን በሁለት እጇ አንሥታ ራሷ ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

«ይከብድሻል?» አሏት።

«ይክበደኝ» አለች።