የሃጂ መኪና "ውሃ" የጠጣችበት ቀን

ይህ ነገር ከደረሰብኝ አስራ አምስት ዓመት አልፎታል። ያኔ ባሌ ውስጥ ከጎባ ተነስቶ የሰነቲን ከፍታ አቋርጦ ወደ መና የሚወርደው መንገድ ገና ጠጠር ነበር። ለሰው ሳወራ ግማሹ ይስቅብኛል፣ ግማሹ ያማትባል። እኔም ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ "ምን ጠጥተህ ነው የወጣኸው?" ብዬ እስቅበት ነበር። ግን በራሴ ደረሰ። እስከ ዛሬ ቁልቁለት በወረድኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ጎባ ተወልጄ ያደግኩ ሾፌር ነኝ። ሮቤ ላይ ሃጂ ጀማል ለሚባሉ የቡና ነጋዴ አስራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። ሃጂ ሀብታም ነበሩ፤ ኑሯቸው ግን የሀብታም አልነበረም። ኮታቸው ዘመን የጠገበ፣ ምሳቸው ሻይ በዳቦ። የሚሳሱላት መኪናቸው ብቻ ነበረች። ልጃቸው ከጅዳ የላከላቸው ነጭ ቅንጡ መኪና ናት፤ ወንበሯ ቆዳ፣ መስታወቷ ጥቁር። ሮቤ መሀል ስናልፍ ጋሪ ነጂው ሁሉ አንገቱን ያዞር ነበር። በነዳጅ ክዳኗ ውስጥ በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ሃጂ ጣታቸውን እያስኬዱ ያነቡልኝና "ሱፐር ቤንዚን ብቻ ነው የሚለው፤ ሰምተሃል?" ይሉኛል።

ሱፐር የሚባለው ቤንዚን እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም። የኛ ማደያዎች የሚቀዱት ተራውን ነው። ሃጂ ግን ከድንበር በኩል በሚመጡ ወዳጆቻቸው እያስመጡ መጋዘናቸው ውስጥ በበርሜል ያስቀምጡ ነበር። ተራውን ቤንዚን "ውሃ" ነው የሚሉት።

"ሃጂ፣ ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው። ለአንድ ቀን ተራውን ብትጠጣ ምን ትሆናለች?" እላቸዋለሁ።

"ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ገብስ የለመደ ፈረስ ጭድ ብትሰጠው ይራገጣል። ይቺም ታንኳኳብሃለች" ይሉኛል።

ታንኳኳብሃለች ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ለራሱ የሚሰስት ሽማግሌ ለመኪና ሲሆን ይቸራል እያልኩ በሆዴ እስቅ ነበር።

ሌላም አመል ነበራቸው። ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከኋላዬ ነው። ፍጥነት ስጨምር በቀለበታቸው የበሩን መስታወት ኳ፣ ኳ፣ ኳ ያደርጉና "ሱታ" ይላሉ። በኦሮምኛ ቀስ በል ማለት ነው። በአስራ አንድ ዓመት እግሬ ይህን ለምዶ፣ ኳ ሲል እኔ ሳላዘው ፍሬን ይረግጥ ነበር። ቤት ውስጥ ሚስቴ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ኳ ስታደርግ እንኳ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። ሚስቴ በዚህ ስትስቅብኝ ኖራለች።

ሃጂ ታመው ሁለት ወር ተኙ። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ስገባ ሰው አስወጡና ሁለት አደራ ሰጡኝ።

"እናቴ አጠገብ ቅበሩኝ። ጀናዛዬን አታሳድሩ፤ በሞትኩበት ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈር ልልበስ። የምታደርሰኝ አንተ ነህ" አሉኝ። እናታቸው የተቀበሩት ሃረና ጫካ ውስጥ፣ አንገቱ የምትባል ከተማ አጠገብ ነው። እሺ ብዬ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

"መኪናዬንም ውሃ እንዳታጠጣብኝ።"

ግማሽ እየሳቅኩ፣ ግማሽ እያለቀስኩ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት በፊት አረፉ። ዘመዶቻቸው መቃብር ለማስቆፈር በሁለት አይሱዙ ማለዳ ቀደሙ። ጀናዛው ታጠበ፣ ተከፈነ፣ ተሰገደበት። የመኪናዋን የኋላ ወንበር አጥፈን ቃሬዛውን አስገባን። ራስጌያቸው በኔ ወንበር ጀርባ፣ ድሮ በሚቀመጡበት በኩል ሆነ። ከጎኔ ታላቅ ወንድማቸው ኦቦ ቃሲም ተቀመጡ።

ከበርሜሉ ልቀዳ መጋዘን ብገባ ባዶ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ማን ያስመጣ? መኪናዋ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ሰነቲን አያሻግርም፤ ከጎባ ወዲያ ደግሞ ማደያ የለም። አንድ የሃጂ ወዳጅ ከሻሸመኔ ሁለት ጀሪካን ሱፐር ይዞ እየመጣ ነው ተባለ። ቢፈጥን ቢፈጥን የሚደርሰው ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ነው። እሱን ብጠብቅ ፀሐይ መንገድ ላይ ትጠልቅብናለች። ተራውን ብቀዳ ደግሞ የሟች ቃል እሽራለሁ። አንዱን አደራ ለመጠበቅ ሌላውን መብላት ግድ ሆነብኝ።

ኦቦ ቃሲምን ጠየቅኳቸው።

"እኔ ሞተር አላውቅም። አደራው የተሰጠው ላንተ ነው" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ይቅር ይበሉኝ ሃጂ" ብዬ ወደ ማደያው ነዳሁ።

ቀጂዋ ዘሃራ የምትባል ተጫዋች ሴት ናት። ለዓመታት በፊቷ ስናልፍ "የኛን አትጠጡም!" እያለች ስትቀልድብን ኖራለች። ጥቁሩ መስታወት ከልክሏት ከኋላ የተጫነውን አላየችም።

"ጉድ እኮ ነው! ዛሬስ ሃጂ ፈቀዱ?" አለችኝ።

ሐዘኑና ንዴቱ አንድ ላይ አፌን አሳተኝ። "ከኋላ አሉልሽ፣ ጠይቂያቸው" አልኳት።

እየሳቀች ጎንበስ አለችና ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ አየች። ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂኡን!" አለች። ያኔ ምላሴን በቆረጠው አልኩ። "አውፍ በሉኝ ሃጂ፣ አውፍ በሉኝ" እያለች ቀዳችልኝ። ማንን ይቅርታ እንደምትጠይቅና ስለ ምን እንደሆነ እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ጎባን አልፈን አቀበቱን ስንጀምር ድምፁን ሰማሁት።

ኳ።

ትንሽ ቆየና ኳ፣ ኳ። ከዚያ ተከታትሎ፣ ጣቱን ሳንቃ ላይ እንደሚያንኳኳ ሰው። ነዳጅ ስረግጥ ይብሳል፣ ሳላላ ይቀንሳል። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚያች መኪና እንዲህ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። ላብ አጠመቀኝ። በዚያ ብርድ!

"ትሰማለህ?" አሉ ኦቦ ቃሲም።

"ሞተሩ ነው" አልኳቸው።

"ሞተር ከፊት ነው። ይሄ ከኋላ ነው።"

ከኋላ ይሁን ከፊት እኔም መለየት አቅቶኝ ነበር። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ጉሙ እየከበደ መጣ። ስፖኪዮውን አላይም ብዬ ለራሴ ማልኩ። መሐላዬ አንድ ኩርባ እንኳ አላለፈም። ባይ ያው ነጭ ጨርቅ ነው፣ አይንቀሳቀስም። ኳ አለ።

"ወንድሜ አልወደደውም" አሉ ኦቦ ቃሲም ቀስ ብለው።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ አባታችን ሆይን ጀመርኩ፣ እሳቸው የራሳቸውን ቁርአን ይቀራሉ። መኪናዋም መሀላችን ታንኳኳለች። እንዲህ ሆነን በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ወጣን።

ሰነቲ ሜዳው ላይ ስንደርስ ድምፁ ጠፋ። የጅብራ ተክሎቹ በጉሙ ውስጥ ጥላ እንደያዙ ለቀስተኞች ግራና ቀኝ ቆመዋል። አንድ ቀይ ቀበሮ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ፣ ሳይሸሽ፣ እስክናልፍ ተመለከተን። መኪናዋ ግን እንደ ድሮዋ ጸጥ ብላ ትሄዳለች። እፎይ አልኩ። ትንሽ እንኳ በራሴ ሳቅኩ።

ሰዓት ሳይ ሳቄ ተወኝ። አቀበቱ ላይ በፍርሃት ስንዘገይ ብዙ ጊዜ በልተናል። የሃጂን አንዱን ቃል ሽሬያለሁ፤ ሁለተኛውንም ካፈረስኩ ከሁለት ያጣ ጎመን መሆኔ ነው። ስለዚህ ከሰነቲ ወደ ሃረና በሚወርደው ቁልቁለት መኪናዋን ለቀቅኳት። እዚያ ጉሙ ከጫካው ጋር ተጣብቆ የሚቀጥለውን ኩርባ እንኳ አያሳይም። መንገዱን በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ተማመንኩ። አይሱዙዎቹም ማለዳ በሰላም አልፈውበታል። እግሬን ከነዳጁ አንስቼ ነበር፤ የሚሰማው ከጎማ ስር የሚንሿሿው ጠጠር ብቻ ነው።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ሦስት ጊዜ። እኩል፣ ቀስ ብሎ፣ ከጆሮዬ ኋላ፣ መስታወቱ ላይ።

እኔ ምንም አላሰብኩም። እግሬ ብቻውን ፍሬኑን ረገጠ። መኪናዋ ጠጠሩ ላይ ተንሸራታ፣ አፍንጫዋን ወደ ተራራው ግድግዳ አዙራ ቆመች። ሞተሩም ጠፋ።

"ምን ሆንክ?" አሉ ኦቦ ቃሲም ዳሽቦርዱ ስር ሊገቡ ምንም ሳይቀራቸው።

"አንኳኩ እኮ! አልሰሙም?"

"የለም። አሁን ምንም አልሰማሁም።"

አቀበቱን ሁሉ ሲሰሙ የመጡ ሰው ናቸው! ጎማ ይሆናል ብዬ ወረድኩ። ወደ ፊት አምስት ስድስት እርምጃ ሄድኩና ክው ብዬ ቀረሁ። መንገዱ የለም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተንዶ ወደ ጫካው ወርዷል። ትናንሽ ድንጋዮች ገና እየተንከባለሉ ይወርዳሉ፣ ከታች ከዛፍ ሲላተሙ ይሰማል። በነበርኩበት ፍጥነት ቢሆን ጉሙ ሳያሳየኝ ገብቼበት ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ኦቦ ቃሲም ወርደው መጡ፣ ገደሉን አዩ። ወደ መኪናዋ ተመለሱ። መዳፋቸውን የኋላው መስታወት ላይ አሳርፈው "ገለቶሚ፣ ጀማል" አሉ። አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሱ፣ እኔም ተከተልኳቸው።

ልቅሷችንን የሰሙ ቡና ለቃሚዎች ከጫካው ወጡ። ሃጂን በትከሻቸው ተሸክመው በላይኛው በኩል አሻገሯቸው። እኔ ባዶዋን መኪና፣ ጎኗን ከግድግዳው እያፋተግኩ፣ በቀረችው ጠባብ መንገድ አሳለፍኳት። አንገቱ አጠገብ ስንደርስ ፀሐይ ዛፎቹ ጫፍ ላይ ነበረች። አፈር ሲለብሱ ገና አልጠለቀችም።

ከቀብሩ በኋላ ኦቦ ቃሲምን ስለ ቀለበቱ ጠየቅኳቸው።

"ሲታጠብ አውልቀን ለሚስቱ ሰጠናት። ሮቤ ነው ያለው" አሉኝ።

ከሳምንት በኋላ ጎባ አንድ የማውቀው አዛውንት መካኒክ ጋ መኪናዋን ወሰድኩ። አቀበቱ ላይ የሆነውን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። "አንተ ጅል! የተሠራችው ለሱፐር ነው። ተራውን ስታጠጣት ቤንዚኑ ከጊዜው ቀድሞ ይነድና ሞተሩ ይመታል። አቀበት ላይ ጭነት ሲበዛባት ታንኳኳለች። ሃጂ የነገረህ ይሄን ነው" አለኝ። ደስ አለኝ፣ አፈርኩም። አስራ አንድ ዓመት በሽማግሌው ስስቅ የማላውቀው እኔ ነበርኩ።

"የቁልቁለቱስ?" አልኩት።

"እግርህ ነዳጅ ላይ ነበር?"

"አልነበረም። አንስቼ ነበር።"

"እንግዲያው አይመታም። ምን ጭነት አለባትና ይመታል?" አለ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ኮፈኑን ዘጋው። "ጠጠር ይሆናል" አለኝ ፊቴን ሳያይ።

ይሁን፣ ጠጠር ይሆናል። አሁን የራሴ ሚኒባስ አለችኝ፤ በናፍጣ ነው የምትሄደው፤ ከሮቤ ጎባ እመላለሳለሁ። ለረጅም ጊዜ አደራ በላ ነኝ እያልኩ በራሴ ሳዝን ኖሬያለሁ። አሁን ግን እንዲህ ብዬ ከራሴ ጋር ተስማምቻለሁ፤ አቀበቱ ላይ ያንኳኳው ያ "ውሃ" ነው። የቁልቁለቱን ግን ለቤንዚን አልሰጥም። ቃላቸውን ሽሬባቸው እንኳ "ሱታ" ብለውኛል።

ሚስቴ ብርጭቆ ኳ ስታደርግ እግሬ ዛሬም ወለሉን ይረግጣል። እሷ ግን መሳቅ ትታለች።