አካለ ወልድና ያልተከፈተው የሔዋን ምስል

አካለ ወልድ በደብረ ማርቆስ፥ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ነው። በልጅነቱ ደብረ ወርቅ ዜማ ተምሯል፤ ኋላም ዩኒቨርሲቲ ገባ። የሠራው ፕሮግራም ምስል ይከፍታል። ፎቶግራፍ በኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥበት ዓይነት ብዙ ነው፤ የተለመደውን ሁሉም መሣሪያ ያነበዋል፥ ያልተለመደውን ግን አንዱ ሲያነበው ሌላው አላውቅህም ይለዋል። የአካለ ወልድ ፕሮግራም ያልተለመዱትን በስልክም ሆነ በማናቸውም ኮምፒውተር እኩል እንዲከፍት የተሠራ ነው። ከሩቅ አገር ሳይቀር ሰዎች «ይህንንም ጨምርልን» እያሉ ይጽፉለታል፤ እርሱም ይጨምራል።

ባለቤቱ ሔዋን ታማ ዐረፈች። ከቀብሯ ማግሥት ወደ ወንበሩ ተመለሰ። አላለቀሰም። ምግብ ሲቀርብለት ይበላል፤ ምን እንደበላ ቢጠይቁት ግን አያስታውስም።

አርባዋ ሲቃረብ አማቱ ወይዘሮ የብርጓል ከቁይ መጡ። ሔዋን የሠርግ ፎቶ አንሺ ነበረችና፥ ካሜራው ምንጊዜም በእርሷ እጅ ስለሚውል፥ መልኳ ጎልቶ የሚታይበት ምስል አንድ ብቻ ነበር። ያነሣትም አካለ ወልድ ራሱ ነው፤ ደጀን ላይ፥ ከዓባይ በረሃ አፋፍ። ነገር ግን የካሜራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ምስል የሚያስቀምጥበትም ዓይነት የራሱ ብቻ ነው። ያነበው የነበረው የሔዋን አሮጌ ኮምፒውተርም ተቃጥሏል፤ ፋይሉ ግን ከካሜራው አልጠፋም።

«የማተሚያ ቤቱ ደመላሽ የፋይሉን ስም ለውጦ ሞከረው፤ እምቢ አለው» አሉ የብርጓል።

«ስሙን ቢለውጡት ምን ይሆናል እማማ? ቆብ የደፋ ሁሉ አይመነኩስም።»

«እንግዲያው አንተ ክፈተው።»

«ከእርሱ በፊት የጀመርሁት አለ። እርሱን ልጨርስ።»

«የማን ነው?»

«አላውቀውም። ባሕር ማዶ ያለ ሰው የጠየቀኝ ነው።»

«እሰይ! የባሕር ማዶውን አስቀድማ፤ የእኔዋ እንደሁ አትቸኩል!» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ከአጠገቡ ዱካ ላይ ተቀመጡ። «እስክትከፍተው አልነሣም። ተዝካሯም ያለ መልኳ አይወጣም።»

ለምን እንደሚያዘገየው እርሱም አጥርቶ አያውቅም ነበር። ምናልባት አይቷት ምንም ባይሰማውስ ብሎ ይሆናል።

የጀመረውን ትቶ የሔዋንን ፋይል አወጣ። ቁርጥራጭ ቁጥሮቹን በየተራ እየለየ፥ የምስሉ ቁመትና ወርድ የት እንደተመለከተ፥ ቀለሙም ከየት እንደሚጀምር በትዕግሥት ፈለገ። ለፕሮግራሙም የንባቡን ሥርዓት ጻፈለት። በመጨረሻ ምስሉ ተከፈተ።

«ይህች ደግሞ ማን ናት?» አሉ የብርጓል ደንግጠው። «ፊቷ ሰማያዊ ነው!»

«ቀዩንና ሰማያዊውን አቀያይሬ አንብቤው ነው እማማ።»

«አስተካክላታ! ካህናቱ እንዲህ ሆና ቢያዩአት ጠበል ይረጩባታል።»

አስተካከለው። ሔዋን የዓባይ ነፋስ ሻሿን እየገለጠባት፥ በአንድ እጇ ይዛው፥ ስትሥቅ ታየች። የብርጓል መዳፋቸውን በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አኑረው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። አካለ ወልድ ግን ምስሉ በስልኩና በሌላውም ኮምፒውተር እንደሚከፈት፥ እንደ ሥራው ልማድ፥ አንድ በአንድ አረጋገጠ። ከዚያም ደመላሽ ሊያትመው ወደሚችለው ዓይነት ገልብጦ ላከለት።

«አንተስ?» አሉት ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«አልመጣልኝም እማማ።»

አልተቆጡም።

«በግድ አይመጣም። ተነሥ፥ ማተሚያ ቤቱ ሳይዘጋ እንሂድ።»

ምስሉ በሰፊ ክፈፍ ሆኖ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሸክም የማይመች ሆነ። እርሳቸው በአንድ ወገን፥ እርሱ በሌላው ይዘው በገበያው መካከል አለፉ። የሚያውቋት ጎንበስ እያሉ መንገድ ለቀቁ። አቀበቱ ላይ የብርጓል «ወደ አንተ አዘነበለች፥ ከፍ አድርጋት» አሉት፤ ከፍ አደረጋት።