የባዶ ቤቶች ሞግዚት

ስሙን ያወጣላት ደላላው ነው። አንድ ቀን እንደ ቀልድ «እርስዎ እኮ የቤት ሞግዚት ነዎት» አላት፤ ቀልዱ ተረሳ፣ ስሙ ግን ተጣብቆባት ቀረ። ሥራዋ ባዶ አፓርታማ ውስጥ መኖር ነው። እስኪሸጥ ትኖርበታለች፣ ሲሸጥ ወጥታ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ሰው የማይኖርበት ቤት ገዢን ያስበረግጋል ይላል ደላላው። ድምፅ ያስተጋባል፣ የፍሳሹ ሽታ ይወጣል፣ ግድግዳው ላይ ያለችው ጭረት ገደል ታክላለች። ሞግዚቷ ገብታ መስኮት ስትከፍት፣ ቧንቧዎቹን ስታፈስስ፣ ምድጃው ላይ ሽንኩርት ስታቁላላ ግን ያው ቤት ነፍስ ይዘራል።

ወደዚህ ሥራ የገባችው አስባበት አይደለም። የደላላው ቢሮ ያለበትን ሕንፃ ታጸዳ ነበር። የተከራየችው ክፍል ከነግቢው ተሽጦ «ልቀቂ» ስትባል፣ ደላላው ለወሬም ለሐዘኔታም ጊዜ ያልነበረው ሰው ቢሆንም አንጀቱ አልቻለም፤ ገዢ አጥቶ የከረመ አፓርታማ ቁልፍ ሰጣት። «ለጊዜው እዚያ ይረፉ፤ ቤቱንም ይጠብቁልኛል» አላት። በሳምንቱ ተሸጠ። «እግርዎ እርጥብ ነው እናቴ» ብሎ ሌላ ቁልፍ አመጣ። ከዚያ ወዲያ ቁልፍ መቀበልና ቁልፍ መመለስ ኑሮዋ ሆነ።

እስቲ አሁን ምን ይባላል? ከተማው በሙሉ ቤት አጥቶ ሲራኮት እሷ ቤት እያማረጠች የምትኖር ትመስላለች። በረንዳ ያለው፣ ሊፍት ያለው፣ መታጠቢያው ከላይ እስከ ታች ነጭ ሸክላ የለበሰ ቤት ውስጥ ኖራለች። ምን ዋጋ አለው! አንዱንም «ቤቴ» ብላ ጠርታው አታውቅም። ዕቃዋ እንኳ ያንን አውቆ ያደረ ነው፤ አንዲት ትንሽ መኪና አይሞላም። ፍራሽ፣ ሁለት ወንበር፣ ድስት፣ በጣሳ የተተከለች አበባ፣ መጋረጃዎች። የአንዱ ቤት መስኮት ረጅም፣ የሌላው አጭር ስለሆነ የመጋረጃዎቹ ጫፍ ስንት ጊዜ ታጥፎ ስንት ጊዜ እንደተተረተረ እሷም አታውቀው።

ስለ ገዢዎቹ ብትጠየቅ ግን መጽሐፍ ይወጣታል። በዚያ ከተማ ቤት መግዛት ሽሚያ ነው። ሰዎች ደረጃ ላይ ይጋፋሉ፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ይስማማሉ፣ ወጥ ቤቱን ሳያዩ ይፈርማሉ። አንዷማ ሌላ ገዢ እንዳይገባ እናቷን በሩ ላይ ወንበር ሰጥታ አስቀምጣ ወደ ባንክ ሮጠች። ምስኪኗ አሮጊት እስከ ማታ ቦርሳቸውን አቅፈው ሲጠብቁ ዋሉ፤ ምሳ ያበላቻቸው ሞግዚቷ ነች። እንዲህ ባለው ቀን እሷ «የባለቤቶቹ አክስት» ተብላ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ሥራዋ ፈገግ ማለት ብቻ ነው።

ለራሷ የሰጠችው አንድ ምክር ነበር፤ ቤት አትውደጂ የሚል። በዚህ ምክሯ ለዓመታት ጸናች። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤት እስኪመጣ ድረስ።

ያ ቤት የሦስት ወራሾች ነበር። አባታቸው ትተውላቸው የሄዱትን አንድ አፓርታማ በስንት እንሸጠው በሚል ተኳርፈው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በእህታቸው በኩል ካልሆነ የማይነጋገሩ ሆኑ። በዚህ የተነሳ ቤቱን የሚያይ ገዢ አልመጣም፤ ሞግዚቷም ከአንዱ ክረምት እስከ ሌላው እዚያው ከረመች። የትም ቤት እንዲህ ቆይታ አታውቅም። ሲዘንብ የበረንዳው በር እንደሚያብጥ፣ ከላይ ያለው ሰውዬ ከጫማው ጋር የሚለያየው ሲተኛ ብቻ እንደሆነ፣ ጠዋት ፀሐይ ትንሿ ክፍል ገብታ ግድግዳውን እንደምትሞላው አወቀች። አንድ ቀን ገበያ ውላ ስትመለስ ለሱቁ ሰውዬ «ቤቴ ይኸው እዚህ ነው» ስትል ራሷን ሰማች። ደነገጠች። ግን ደስ አላት፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

ልጇ የደወለችው በዚያው ሰሞን ነው። ያለቻት ይህችው አንዲት ልጅ ናት፤ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ትኖራለች፣ ባሏ መርከብ ላይ ስለሚሠራ ከሄደ ወራት ይቆያል። ካገባች ወዲህ እናቷ ጋ መጥታ አታውቅም፤ ወዴት ትምጣ?

«እማዬ» አለች ልጅቷ በስልክ፣ «እዚህ ብቻዬን መውለድ ፈራሁ። አንቺ ጋ ብመጣስ?»

«ነይ!» አለች ሞግዚቷ፣ ሳታስበው። «ነይ እንጂ! የምትታረሺበት ክፍል አለ። ፀሐይ የሚገባበት።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ያለችው የገባት። ቢሆንም አላዘነችም። ወራሾቹ እንደሆኑ ተኳርፈዋል፣ ቢያንስ ልጅቷ እስክትወልድና ከአራስ ቤት እስክትወጣ ማን ይመጣል? ትንሿን ክፍል አጠበች። ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ትንሽ ብርድ ልብስ ሰፋች። ከገበያ የተገዙ የሕፃን ልብሶችን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ሥራ ስትፈታ በሩን ከፍታ እያየቻቸው ትቆማለች።

ወንድማማቾቹ ታረቁ።

ደላላው ሲነግራት በደስታ እጁን እያፋተገ ነበር። የሰው ዕርቅ ሰምታ ተከፍታ የማታውቅ ሴት ያን ቀን ተከፋች። ልጇ ልትመጣ የቀራት ጥቂት ሳምንት ነው። ለደላላው ግን ትንፍሽ አላለችም፤ ብትነግረው ሌላ ሰው ያስገባል ብላ ፈራች። ይልቅ ሌላ ዘዴ አሰበች። አክስቲቱ ከዛሬ ጀምሮ ፈገግ ማለት ትታ አፍ ታወጣለች።

መጀመሪያ የመጡት ባልና ሚስት ነበሩ። ደላላው ስልክ ሊያነሳ በረንዳ ላይ ሲወጣ ጠብቃ ጠጋ አለቻቸው። «ቤቱ ጥሩ ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያስቸገረው ከላይ ያለው ሰውዬ ኮቴ ነው እንጂ። ደግሞ ሊፍቱ ቀን ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። ለጉልበት ጥሩ ነው፣ ለጉልበት።» ሚስትየው ባሏን አየችው። ደላላው ሲመለስ ደረጃው ላይ ነበሩ። ሁለተኛዎቹም እንዲሁ ሄዱ። ደላላው ራሱን አከከ፤ ሞግዚቷ የአበባዋን ጣሳ ውሃ አጠጣች።

ሦስተኛዋ ፋርማሲስት ነበረች፤ አርባ ዓመት የሆናት፣ ብቻዋን የመጣች፣ ቤት በመፈለግ ብዛት ፊቷ የደከመ ሴት። እንደሌሎቹ ግድግዳ አላንኳኳችም። ቆማ ታያለች፤ በትንሿ ክፍል በር ላይ ደግሞ ከሌላው ረዘም አድርጋ ቆመች። ሞግዚቷ የሆዷን በሆዷ ይዛ ጀመረች።

«ይህ በር ሲዘንብ ያብጣል» አለች የበረንዳውን በር በመዳፏ እየደባበሰች። «በእጅ ብትይው አይሰማሽም። በትከሻሽ ገፋ፣ ከዚያ ከታች በኩል በእግርሽ ነካ፤ ያኔ እሺ ይላል። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይጮኻል፣ ቀስ አድርገሽ ካልከፈትሽው ኩርፍ ነው። ያቺ ትንሿ ክፍል ደግሞ መጋረጃ ካልወፈረላት አታስተኛም፤ ፀሐይዋ ማንንም ሳታስፈቅድ ትገባለች። ክረምት ላይ በመስኮቷ ጥግ ብርድ አለ፤ አልጋ በወዲያ በኩል ነው የሚሆነው። እኔ በወዲያ ነው ያደረግሁት።»

ሴትየዋ የቤቱን ጉድለት እየሰማች አልነበረም። የሞግዚቷን እጅ ነበር የምታየው። እጇ ከበሩ ላይ አልተነሳም።

በማግስቱ ደላላው ደረጃውን እየዘለለ መጣ። «እናቴ፣ እርስዎ እኮ የኔ አለቃ መሆን ነበረብዎት! ምን ብለው ነው የሸጡላት? ዋጋ እንኳ አልተከራከረችም!»

«ምን አለች?» አለች ሞግዚቷ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«‹ባየሁት ቤት ሁሉ ሲያሞግሱልኝ ነው የኖርኩት› አለች። ‹እኚህ ሴትዮ ግን ቤቱን እንደ ልጃቸው ነው የሚቆጡት። እንዲህ የተወደደ ቤት ከየት አገኛለሁ› ነው ያለችው። እኔ መቼም ከእንግዲህ ይህን ዘዴ ለሁሉም ቤት ነው የምጠቀምበት!»

ያን ጊዜ ነገረችው። የልጇን መምጣት፣ የመውለጃዋን መድረስ፣ ሁሉንም። ደላላው ለአንድ አፍታ ሁለቱንም ስልኮቹን ረሳ።

«ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ታስወጣኝ ነበራ።»

«አዎ» አለ፤ ቢያንስ አልዋሻትም። ከዚያ ጭንቅላቱን ይዞ ቆየና ሌላ ቤት እንዳለ ነገራት፤ ምድር ቤት፣ ከመኪና ማቆሚያው ጎን። «ፀሐይ ብዙ የለውም» አለ፣ እንደ ጥፋተኛ።

ፋርማሲስቷ ቁልፍ ከመረከቧ በፊት ልትለካካ አንድ ጊዜ መጣች። ሞግዚቷ ዕቃዋን እያሰረች ነበር፤ ትንሿን ክፍል ግን አልነካቻትም፣ እጇ እምቢ ብሏት ለመጨረሻ አቆይታታለች። ሴትየዋ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ብርድ ልብሱን ነካችው። ከልብሶቹ አንዱን አንስታ በመዳፏ ላይ ዘረጋችው።

«ይሄ የማን ነው እትዬ? ሕፃን አለ እንዴ እዚህ?»

ሞግዚቷ በሕይወቷ ብዙ ጊዜ የሰው አክስት ሆናለች። ይህን ያህል የከበዳት ውሸት ግን አልነበረም።

«ኧረ የማንም አይደለም» አለች። «ቤቱ ሰው ሰው እንዲሸት ብለን የምናስቀምጠው ነው። ገዢ ይወደዋል።»

ፋርማሲስቷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «ጉድ ሠራችሁኝ። እኔ ደግሞ ያን ቀን ሳየው ነው ልቤ የቀረው። ለካ ማስታወቂያ ነው!» ልብሱን መልሳ አጣጠፈችው፣ ግን አላስቀመጠችውም። «በቃ ይሄን ተዉልኝ። እከፍላለሁ።»

«ለሚቀጥለው ቤት ያስፈልገናል» አለች ሞግዚቷ፣ ከእጇም ቀስ ብላ ተቀበለቻት። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ያልታሰረው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ለቤቱ ነው ያለቀሰችው፤ ለሌላ ለማንም አይደለም፤ ያች ክፍል ልጅ ሳይታይባት ለሰው ሄደች።

ልጅቷ በሳምንቱ መጣች። ሆዷ ቀድሟት ከአውቶቡስ ስትወርድ ሞግዚቷ አቅፋት ልትለቃት አልቻለችም። ታክሲ ውስጥ ስለ መንገዱ ብቻ ነበር ያወሩት። የምድር ቤቱ በር ሲከፈት የቀለምና የቆየ ውሃ ሽታ ተቀበላቸው። መጋረጃዎቹ ለመስኮቱ ረዝመው መሬት ነክተዋል፤ ለማጠፍ አልደረሰችም።

ሞግዚቷ ሻንጣውን አስቀምጣ ቀድማ ገባች። መናገር ጀመረች፣ ማቆም ግን አቃታት።

«ይሄ ሳሎኑ ነው። መስኮቱ ወደ መኪኖቹ ስለሆነ ጠዋት ሞተር ሲያሞቁ መዝጋት ነው። ወጥ ቤቱ ጠበብ ይላል። ፀሐይ… ፀሐይ ብዙም የለም፣ ግን ከሰዓት በኋላ በዚህ በኩል ትንሽ ብልጭ ትላለች። ያኛው ቤት እንዲህ አልነበረም፤ ያኛውን ብታዪው…»

«ይሄኛው ያንቺ ነው?» አለች ልጅቷ።

«አይደለም። ያኛውም አልነበረም። የሰው ነው ሁሉም፤ እስኪሸጥ ነው የምቀመጠው።»

«ይሄ መቼ ይሸጣል?»

«እንጃ ልጄ። እኔ የገባሁበት አይቆይም።» ዓይኗን ከልጇ ላይ አነሳችና እንደገና ቀጠለች። «መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ በሩ አይገጥምም፣ ግን ትንሽ ከፍ አድርገሽ ስትይዢው…»

«እማዬ።»

«ከፍ አድርገሽ ስትይዢው ይዘጋል…»

«እማዬ፣ እኔ እኮ ቤት ልገዛ አልመጣሁም።»

ሞግዚቷ የበሩን እጀታ ለቀቀች። ልጅቷ ወገቧን ይዛ ጫማዋን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ አወለቀች። «ደክሞኛል። የት ልተኛ?»

ለስንት ሰው ስንት መኝታ ቤት አሳይታለች፤ የት ልተኛ ብሎ የጠየቃት ግን አንድም አልነበረም። ፍራሹን አሳየቻት። ልጅቷ በጎኗ ተጋድማ ፊቷን ወደ ግድግዳው ካደረገች በኋላ ከኋላዋ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች፤ ነይ ማለቷ ነው።

ደላላው ገዢ ይዞ በፈለገው ሰዓት በራሱ ቁልፍ ከፍቶ እንዲገባ፣ ሞግዚቷ ቁልፏን በውስጥ በኩል በሩ ላይ ሰክታ ትታ አታውቅም። አሁን ሄደች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን እንደተሰካ ተወችውና መጥታ ከልጇ ጎን ጋደም አለች።